በአፍ የማይሰጡ የእንስሳት መድኃኒቶች፦ በየት በኩል፣ በምን ያህል መጠን፣ በማን ይሰጡ?

ለአርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ፦
• አንዳንድ መድኃኒቶች በአፍ የማይሰጡበትን ምክንያት ያውቃሉ፤
• በመርፌ፣ በጡት ቀዳዳ፣ በጀርባ ላይ በማፍሰስና በዓይን ጠብታ የሚሰጡ መድኃኒቶችን ለይተው ይረዳሉ፤
• የከብትዎን ክብደት በሜትር ለክተው ትክክለኛውን የመድኃኒት መጠን ያሰላሉ፤
• እርስዎ ሊሠሩት የሚገባውንና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊተዉት የሚገባውን ሥራ ይለያሉ።

1. መግቢያ

ውድ አርሶ አደር፣ ከብት ሲታመምብዎ የመድኃኒቱን ስም ይጠይቃሉ፤ ዋጋውንም ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እሱም «በየት በኩል ነው የሚሰጠው?» የሚለው ነው። ጡንቻ ውስጥ መወጋት ያለበት መድኃኒት ደም ሥር ውስጥ ቢገባ በሬውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ከቆዳ ሥር መሰጠት ያለበት ክትባት ጀርባ ላይ ቢፈስ ምንም አይሠራም። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የገባበት መንገድ ብቻ ነው።

በአፍ የተሰጠ መድኃኒት በሆድ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። በመርፌ የተሰጠ ግን በቀጥታ ወደ ሰውነት ይገባልና ስህተት ቢኖር ማስመለስ አይቻልም። ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ መርፌው ከመግባቱ በፊት መደረግ አለበት።

በአግባቡ የተሰጠ መርፌ ምን ያህል እንደሚጠቅም የደስታ በሽታ ታሪክ ያስተምረናል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው በሚጠሩት ዘመን፣ ደስታ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ ገበሬውን ያለ በሬ አስቀርቶታል። ይህ በሽታ ከቆዳ ሥር በሚሰጥ ክትባት ለዓመታት በተደረገ ዘመቻ ተሸንፎ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ላይ መጥፋቱ ታውጇል።

2. ሁሉም መድኃኒት በአፍ የማይሰጠው ለምንድን ነው?

አንደኛ፦ የሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ ጠላ እንደሚብላላበት ጋን ነው። የትልቅ ከብት ትልቁ ጨጓራ ከ100 ሊትር በላይ ሊይዝ ይችላል። በውስጡ ሣሩንና ገለባውን የሚያብላሉ፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጠቃሚ ተሕዋስያን ይኖራሉ። ጋኑ ውስጥ እርሾውን የሚገድል ነገር ቢጨመር ጠላው አይፈላም። እንደዚሁም ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ለበሬ ቢያውጡት ጠቃሚዎቹን ተሕዋስያን ይጎዳል፤ በሬው መኖ ይተዋል፣ ማመስኳቱን ያቆማል፣ በሽታውም አይድንም። ገና ማመስኳት ያልጀመረ ጥጃ ጨጓራው ስላልዳበረ ጉዳዩ ይለያል፤ ለጥጃ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ባለሙያ ሊያዝ ይችላል።

ሁለተኛ፦ አንዳንድ መድኃኒቶች ሆድ ውስጥ ይበላሻሉ ወይም ወደ ደም አይገቡም። ብዙዎቹ ክትባቶችም የሚሠሩት ከቆዳ ሥር ሲሰጡ ነው።

ሦስተኛ፦ በጠና የታመመ ከብት በደንብ አይውጥም። በግድ ሲያጠጡት ፈሳሹ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣበታል። እንዲህ ያለ ከብት ፈጥኖ የሚደርስለት መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ይህ ማለት ግን መርፌ ሁልጊዜ ከሚዋጥ መድኃኒት ይበልጣል ማለት አይደለም። እንደ አልቤንዳዞል ያለው የሚዋጥ የትል መድኃኒት በአፍ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። «መርፌ ይሻላል» ብሎ እሱን በጥብጦ መውጋት ከብቱን ለከባድ ቁስልና ለሞት ይዳርጋል። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ መንገድ አለው፤ መንገዱም በብልቃጡ ወይም በካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

3. መድኃኒት የሚሰጥባቸው መንገዶች

3.1 ጡንቻ ውስጥ

የገንዲ መድኃኒቶች (ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም)፣ ፔኒሲሊን እና ለረጅም ጊዜ የሚሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊን በጡንቻ ውስጥ በጥልቀት ይሰጣሉ።

ትክክለኛው ቦታ የአንገት ጎን ነው። ከትከሻ ፊት፣ ከአንገት አጥንት በላይ፣ ከማጅራት በታች ያለው ሥጋማ ቦታ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፤ መርፌው የሚገባው እዚያ ነው። በሬ ከሆነ ቀንበር ከሚያርፍበት ዝቅ ተደርጎ ይወጋል። መርፌው ያሳበጠው ቦታ ላይ ቀንበር ካረፈ ቁስል ይሆናል። እብጠቱና ሕመሙ እስኪቀንስም በሬውን አይጥመዱት።

በአካባቢያችን በብዛት የሚወጋው ዳሌና ታፋ ላይ ነው። ይህ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። በዳሌ በኩል ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ። መርፌው ወይም መድኃኒቱ ይህን ነርቭ ከጎዳው ከብቱ እግሩን ይጎትታል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይድንም። በተለይ ጥጃ፣ በግና ፍየል ሥጋቸው ስስ ስለሆነ አደጋው ይብሳል። በእርሻ ወቅት እግሩ የሰነፈ በሬ ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ከዚህም ሌላ ታፋ ጥሩው ሥጋ ያለበት ቦታ ነው፤ መግል ከቋጠረ ሥጋውም ቆዳውም ዋጋ ያጣል።

መርፌው ከገባ በኋላ መድኃኒቱ ከመገፋቱ በፊት የሲሪንጁ መግፊያ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳባል። ደም ከታየ መርፌው ደም ሥር ውስጥ ነው፤ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይወጋል። ወተት የሚመስለው ፔኒሲሊን ወይም አይሶሜታሚዲየም ደም ሥር ውስጥ ከገባ ከብቱ ወዲያው ሊወድቅ ይችላል።

ለትልቅ ከብት በአንድ ቦታ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ ባይሰጥ ይመረጣል። መጠኑ ከበለጠ ተከፍሎ በሁለቱም የአንገት ጎን ይሰጣል። (1 ሚሊ ሊትር በተለምዶ 1 ሲሲ የምንለው ነው።)

3.2 ከቆዳ ሥር

የአባሰንጋ፣ የአባጎርባ እንዲሁም የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባቶች ከቆዳ ሥር ይሰጣሉ። የውስጥና የውጭ ጥገኛን የሚያጠፋው አይቨርሜክቲን መርፌም እንዲሁ ነው።

ቦታው ቆዳው ላላ ያለበት ከትከሻ ፊት ወይም ከትከሻ ኋላ ነው። ቆዳው በጣት ተቆንጥጦ እንደ ድንኳን ከፍ ይላል፤ መርፌው በድንኳኑ ሥር ወደ ጎን ጋደል ብሎ ይገባል። የመርፌው ጫፍ በሌላኛው በኩል እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ፀጉር ላይ ይፈስሳል፤ ከብቱም የተከተበ እየመሰለዎ ሳይከተብ ይቀራል።

ስለ ክትባት ሁለት ነገሮችን ያስታውሱ። ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በኪስ ተይዞ ወይም ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የመጣ ክትባት ውሃ ነው ብለው ይቁጠሩት። ሌላው፣ የአባሰንጋ ክትባት የተዳከመ ሕያው ተሕዋስ ስለያዘ በዚያው ሰሞን ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን ከተወጋ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል። ስለዚህ ከብትዎ በቅርቡ መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ለክትባት ሲያመጡት ለባለሙያው ይንገሩ።

3.3 ደም ሥር ውስጥ

ይህ መንገድ ከሁሉም ፈጣን፣ ከሁሉም አደገኛም ነው። ለምሳሌ ከወለደች በኋላ ካልሲየም አንሷት የወደቀች የወተት ላም በአንገቷ ደም ሥር ካልሲየም ይሰጣታል። ፈሳሹ በሰውነት ሙቀት ልክ ለብ ተደርጎ፣ የልብ ምቷ እየተዳመጠ፣ በጣም በዝግታ ይገባል። በፍጥነት ከተሰጠ ልቧ ይቆማል። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ብቻ ነው። የእርስዎ ድርሻ ላሟ እንደወደቀች ሳይዘገዩ መጥራት፣ በጎኗ እንዳትዘረጋ በደረቷ ደግፎ ማስቀመጥና በአፏ ምንም ነገር አለመጋት ነው።

3.4 በጡት ቀዳዳ

ጡቷ ያበጠ፣ የሞቀ፣ ወተቷ የረጋ ወይም ደም የቀላቀለ ላም የጡት በሽታ ይዟታል። ለዚህ ሕመም በጡት ጫፍ ቀዳዳ የሚገባ በትንሽ ቱቦ የታሸገ መድኃኒት አለ። ባለሙያ መርምሮ ካዘዘልዎ በኋላ እርስዎ ሊሰጡት ይችላሉ። አሰጣጡም፦
ሀ) እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጡቱን አጥበው በንጹህ ጨርቅ ያድርቁ፤
ለ) በታመመው ጡት ያለውን ወተት በሙሉ አልበው ያውጡ፤ መሬት ላይ ሳይሆን በዕቃ ተቀብለው ይድፉት፤
ሐ) የጡቱን ጫፍ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉ፤
መ) የቱቦውን ጫፍ በእጅዎ ሳይነኩ ቀስ አድርገው ያስገቡ፤ መድኃኒቱን ጨርሰው ይግፉ፤
ሠ) የጡቱን ጫፍ ይዘው መድኃኒቱን ወደ ላይ ያሹት።
አንድ ቱቦ ለአንድ ጡት ብቻ ነው። ጫፉ ከቆሸሸ አዲስ በሽታ ያስገባል። ላሟ የዳነች ቢመስልም የታዘዘውን ቀን ሳይጨርሱ አያቋርጡ።

3.5 በቆዳ ላይ የሚፈስና የሚረጭ

ዴልታሜትሪን የያዘ በጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒት ከትከሻ ጀምሮ እስከ ጅራት ሥር በጀርባ አጥንት ላይ በቀጭኑ ይፈስሳል። መዥገርን፣ ዝንብን፣ የገንዲ አስተላላፊ ዝንብንም ይከላከላል። ዝናብ ሊጥል ሲል ወይም ከብቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ አይሰጥም።

ዲያዚኖን ደግሞ በውሃ ተበጥብጦ የሚረጭ የመዥገር መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ለሰውም መርዝ ነው። ጓንት፣ ቦት ጫማና አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲነፍስ ሆነው ይርጩ፤ እየረጩ አይብሉ፣ አያጭሱ። የውሃውን ልክ በማንኪያ በግምት ሳይሆን በመለኪያ ያድርጉ። ከብቱ ከመረጨቱ በፊት ውሃ ይጠጣ፤ የጠማው ከብት ከፀጉሩ ላይ ይልሰዋልና። መዥገር ጆሮ ውስጥ፣ ከጅራት ሥርና በጡት ዙሪያ ስለሚደበቅ እነዚህን ቦታዎች አይዝለሉ። ሁለቱም መድኃኒቶች ንብንና ዓሣን ይገድላሉ። ከቀፎ ርቀው ይጠቀሙ፤ ዕቃውን ወንዝ ውስጥ አይጠቡ፤ ባዶውን ጠርሙስ ለዘይት ወይም ለውሃ አይጠቀሙበት።

3.6 በዓይን ጠብታ

የዶሮ ፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ ሊሰጥ ይችላል። ዶሮዋ ጎኗን ተደርጋ ትያዛለች፤ አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ ይደረጋል፤ ዓይኗን እስክትጨፍንና ጠብታው እስኪገባ ትቆያለች። ወዲያው ከተለቀቀች ራሷን አራግፋ ትጥለዋለች። የፈንግል ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ በሽታው መንጋው ውስጥ ከገባ በኋላ መድኃኒት አይሆንም።

4. መጠኑን ማስላት

መድኃኒት የሚሰጠው በክብደት ልክ ነው። ሚዛን ባይኖርዎም በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት ይችላሉ።
• የደረት ዙሪያ፦ ከሻኛው ኋላ፣ ከፊት እግሮች ጀርባ ዙሪያውን ይለኩ።
• ርዝመት፦ ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ጫፍ ይለኩ።
• ስሌት፦ የደረት ዙሪያ × የደረት ዙሪያ × ርዝመት ÷ 10,840 = ክብደት በኪሎ ግራም (ሁሉም ልኬት በሴንቲ ሜትር ነው)።

ምሳሌ፦ የደረት ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ በሬ፤ 150 × 150 × 130 ÷ 10,840 = 270 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል።

አሁን ይህ በሬ ገንዲ ይዞታል እንበል። 1.05 ግራም ዲሚናዚን የያዘ አንድ ከረጢት ለ300 ኪሎ ግራም ክብደት ይበቃል። በ15 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ ከተበጠበጠ ለ20 ኪሎ ግራም 1 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ስለዚህ በሬው 13.5 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ ይህም ለሁለት ተከፍሎ በአንገቱ ግራና ቀኝ ይሰጣል። የውሃው መጠን እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የከረጢቱን ጽሑፍ ያንብቡ ወይም ያስነብቡ።

ብዙዎች ገንዘብ ለመቆጠብ አንዱን ከረጢት ለሁለት በሬ ያካፍላሉ። እስቲ እናስላው። እያንዳንዱ በሬ 7.5 ሚሊ ሊትር ያገኛል፤ ይህ ለ150 ኪሎ ግራም ወይፈን የሚሆን ነው። 270 ኪሎ ግራም የሚመዝነው በሬ ለጊዜው ይሻለውና ተመልሶ ይታመማል። በሰውነቱ የተረፉት የገንዲ ተሕዋስያንም መድኃኒቱን ይላመዳሉ። የተላመደው በሽታ በዝንብ ተወስዶ ወደ ጎረቤት ከብት ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሙሉ ከረጢት ቢገዙም አይሠራም። ግማሽ መጠን ግማሽ ፈውስ አይሰጥም፤ ሁለቱንም በሬ ያሳጣል።

5. መርፌ ከመወጋቱ በፊት

ባለሙያው ሲመጣ የሚከተሉትን ያረጋግጡ፤ ባለቤቱ እርስዎ ነዎትና መጠየቅ መብትዎ ነው።
• ከብቱ በክራሽ ወይም በገመድ በደንብ ተይዟል? የሚፈራገጥ ከብት መርፌ ይሰብራል፣ ሰው ይጎዳል።
• የመድኃኒቱ የአገልግሎት ጊዜ አላለፈም? ብልቃጡ የታሸገና ጽሑፉ የሚነበብ ነው?
• መርፌው ንጹህ ነው? በአንድ መርፌ መንጋውን ሁሉ መውጋት በሽታን ከታመመው ወደ ጤነኛው ያስተላልፋል። ተመልሶ የሚያገለግል የብረት መርፌ ከሆነ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ መቀቀል አለበት።
• የተወጋበት መርፌ ተመልሶ ወደ ብልቃጡ እየገባ አይደለም? እንዲህ ከሆነ የቀረው መድኃኒት ሁሉ ይበከላል።
• የሚወጋው ቦታ ጭቃና እበት የለበትም?

6. ከተወጋ በኋላ

ከብቱን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከዓይንዎ አያርቁ። ከተንቀጠቀጠ፣ ለሐጩ ከተዝረከረከ፣ ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው መድኃኒቱ አልተስማማውም፤ ባለሙያው ሳይሄድ ይመልሱት።

መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ ወተቱና ሥጋው ለምግብ አይውልም። ይህ ጊዜ የመታቀቢያ ጊዜ ይባላል። እንደ መድኃኒቱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ስለሚለያይ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቀው ይጻፉ። አንድ ጡቷ ብቻ የታከመ ላምም የአራቱም ጡቶቿ ወተት አይጠጣም፤ መድኃኒቱ በደም በኩል ወደ ሌሎቹ ይደርሳልና። እንዲህ ያለ ወተት ለእርጎ ቢቀመጥ እንኳ በደንብ አይረጋም። አይቨርሜክቲን ወተቷ ለሰው ምግብ ለሚውል ላም አይሰጥም። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ሊሸጡት ያሰቡትን በግ ደግሞ በዓሉ ሲቃረብ ሳይሆን ቀደም ብለው ያሳክሙት።

ያገለገሉ መርፌዎችን ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አጠራቅመው ለእንስሳት ጤና ክሊኒኩ ይመልሱ። ግቢ ውስጥ የተጣለ መርፌ ልጆችን ይወጋል። እርስዎን መርፌ ከወጋዎ ቦታውን በውሃና በሳሙና ታጥበው የመድኃኒቱን ብልቃጥ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

በልጆችዎ ደብተርም ቢሆን ለእያንዳንዱ ከብት ይህን ይመዝግቡ፦ ቀን፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ የተሰጠበት ቦታ፣ የሰጠው ሰው፣ የመታቀቢያው ጊዜ የሚያበቃበት ቀን። ከብቱ ባይሻለው ባለሙያው ቀጣዩን ሕክምና የሚወስነው ከዚህ ተነስቶ ነው።

7. የማን ሥራ ነው?

የእርስዎ ሥራ፦ ሕመሙን ቶሎ ማየት፣ ከብቱን መያዝ፣ ክብደቱን መለካት፣ በባለሙያ ምክር የጡት መድኃኒት ማስገባት፣ በጀርባ ማፍሰስ፣ የመዥገር መድኃኒት መርጨት፣ መመዝገብ።

የባለሙያ ሥራ፦ በሽታውን መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝ፣ በጡንቻ፣ ከቆዳ ሥርና በደም ሥር መውጋት።

በየገበያው ሲሪንጅ በኪሱ ይዞ «እኔ እወጋልሃለሁ» የሚል ሰው ዋጋው ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን በሽታውን አልመረመረም፣ መድኃኒቱን በምን እንዳቆየው አይታወቅም፣ በሬው ቢወድቅም ነገ አያገኙትም። ከእሱ የሚተርፈውን ጥቂት ብር ከአንድ በሬ ዋጋ ጋር ያወዳድሩት። በመጀመሪያ ወደ ቀበሌዎ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይሂዱ፤ መንገዱ ከራቀብዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ያማክሩ።

8. ማጠቃለያ

ማንኛውም መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን ይጠይቁ፦ በየት በኩል ይሰጣል? ምን ያህል? ስንት ጊዜ? ወተቱና ሥጋው እስከ መቼ አይበላም? መልስ ያላገኙለት ጥያቄ ካለ መርፌው ይቆይ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በቀበሌያችሁ ከብት የሚወጋው የት ላይ ነው? ከዚህ በኋላ ምን ይለወጣል?
2. የደረት ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ በሬ ስንት ኪሎ ይመዝናል? (መልስ፦ 217 ኪሎ ግራም ገደማ)
3. ጎረቤትዎ አንድ ከረጢት የገንዲ መድኃኒት እንካፈል ቢልዎ ምን ብለው ያስረዱታል?

የተግባር ልምምድ፦ በማሰልጠኛ ማዕከሉ ባለው ከብት ላይ እያንዳንዱ ሰልጣኝ የደረት ዙሪያና ርዝመት ይለካ፤ በአንገቱ ላይ ያለውን የመርፌ ቦታ በጠመኔ ያመልክት፤ ቀንበር የሚያርፍበትንም ለይቶ ያሳይ።